የአምሳለች ማለዳ

ፍቅረ ሥላሴ ሚስቱ ከአልጋ ስትወርድ ሁልጊዜ ይነቃል፤ ግን የተኛ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢቸና ገና ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ እያለች፣ የአምሳለች ስልክ ትራሷ ሥር ይንቀጠቀጣል። ታነሣዋለች። «ተነሥቻለሁ» ትላለች በሹክሹክታ። ሌላ ቃል አትጨምርም። ከዚያ ሱሪዋን በጨለማ ታጠልቃለች፣ ከላይ ቀሚስ ትደርባለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ በሩ እንዳይንቋቋ በጉልበቷ ደገፍ አድርጋ ከፍታ ትወጣለች።

ያቺ አንዲት ቃል ናት ቀኑን ሙሉ ሆዱን ስትበላው የምትውለው። «ተነሥቻለሁ።» ለስላሳ ናት። እሱ ጠዋት «ካልሲዬን የት አደረግሽው?» ብሎ ሲጠይቃት እንደዚያ ለስልሳ መልሳለት አታውቅም። ደዋዩ ደግሞ ማን እንደሆነ ያውቃል። እሷ የምትሠራበት የሕንፃ ግንባታ ፎርማን ነው፤ ይታያል ይባላል።

ፍቅረ ሥላሴ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ ነበር። ቢሮው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ከአምሳለች ጋር ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው ነው። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር ካቆሙም ቆይተዋል፤ እሱ ግን አንዳንዴ ጎን ለጎን ተኝተው እያለ፣ ይህችን ሴት ከዚህ ቤት ጋር ያሰራት ምን እንደሆነ ያስብና ይፈራል።

ሥራውን ስትጀምር እሱ ራሱ ነበር እሽ ያላት። ኑሮ ተወዷል፤ እሷም ቤት መዋሉ መሯታል። መጀመሪያ ውሃ አመላላሽ ሆነች። ከዚያ ብረት የሚቆርጡትንና በሽቦ የሚያስሩትን፣ ፌራዮ የሚባሉትን ሠራተኞች፣ ሽቦ ማቀበል ጀመረች። ገብረ ማርያም የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ፌራዮ ጣቶቿን አዩና «እስቲ ይችን እሰሪያት» ብለው ጉጠታቸውን ሰጧት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስፌት ስትሰፋ ያደገች ስለሆነች እጇ ፈጣን ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሽማግሌው ዐይናቸው ደክሞ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የብረቱ ሥራ ኃላፊ ሆና ተተካች። ሥሯ ስድስት ወንዶች አሉ። «እታለም» ነው የሚሏት።

አንድ ማታ ራት ላይ ፍቅረ ሥላሴ ጠየቃት።

«ሲሚንቶ ቀን አይቦካም?»

«ይቦካል።»

«ታዲያ ምን አስጨንቋችሁ ነው ወፍ ሳይንጫጫ የምትነሡት? እኛም እኮ ሥራ እንሠራለን።»

አምሳለች ቀና ብላ አየችው። የምር የጠየቃት መስሏት ደስ አላት፤ እንጀራውን ትታ በእጇ እያሳየች ታስረዳው ጀመር። «ፀሐይ ነዋ። አርማታ እኮ የሚደርቅ ይመስላል እንጂ የሚጠነክረው ውሃውን እየጠጣ ነው። እኩለ ቀን ላይ ካፈሰስኸው ፀሐይ ከላይ፣ ነፋስ ከጎን ሆነው ውሃውን ይቀሙታል። ላዩ ይደርቃል፣ ሆዱ እርጥብ ነው፤ ይሰነጠቃል። ደግሞ አንዴ ከተጀመረ መሀል ላይ አይቆምም። ጠዋት የፈሰሰውና ማታ የፈሰሰው አይያያዙም። ስለዚህ በማለዳ ጀምረህ ፀሐይ ሳትበረታ መጨረስ አለብህ። ሶሌታ፣ የፎቁን ወለል፣ የምንሞላ ቀንማ ጭራሽ…»

«ሁሉም ነው እንዲህ የሚነሣው?»

«ሁሉም።»

«ይታያልም?»

«እሱማ ከሁሉ በፊት ነው።»

የጠቀለላት ጉርሻ እጁ ላይ ቀረች። አምሳለች ስለ ሶሌታው ልትነግረው የጀመረችውን አልጨረሰችም። የጠየቃት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ አብሮት የሚቀመጠው ደምለው፣ ሳይጠየቅ ነገር የሚጨምር ሰው፣ «አምሳለችን ዛሬም ሌሊት ስትሄድ አየኋት፤ ወደ ኪዳን ስሄድ» አለው። ቀጥሎ ማህተም እያተመ «ፎርማኑ ያ ረጅሙ ነው አይደል? ጥርሱ የሚያምረው?» አለ። ፍቅረ ሥላሴ በዚያ ቀን ሁለት መዝገብ ላይ የአንዱን ባለይዞታ ስም በሌላው ቦታ ጻፈ።

ከሥራ ሲወጣ በግንባታው በኩል ዞረ። ይታያልን አየው። እውነትም ረጅም ነው፤ እውነትም ጥርሱ ያምራል። ቢጫ ቆብ አድርጎ፣ ወረቀት ጠቅልሎ ይዞ፣ ለአንዱ ግንበኛ አንድ ነገር እያሳየው ነበር። አምሳለች ከሱ ሃያ እርምጃ ርቃ ብረት እያጠፈች ነበር። ቀና ብለውም አልተያዩ። ፍቅረ ሥላሴ ግን አለመተያየታቸውም አላማረውም። ሰው ባለበት እንዲህ የሚጠነቀቁ ምን ቢኖር ነው ሲል ቤቱ ገባ።

«ሥራውን ተይው» አላት ያን ማታ።

«አንተንስ መሬት መመዝገቡን ተወው ብልህ?»

«የኔ የመንግሥት ሥራ ነው።»

«የኔም ሥራ ነው፣ ፍቅሬ።»

ይህ በዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። በመጋቢት፣ ፀሐይዋ ከረፋድ ጀምሮ ቆዳ የምትልጥበት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ገበያተኛውን ዐይን የሚያሳጣበት ሰሞን፣ የሕንፃው የመጀመሪያ ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው አምሳለች መሽቶባት መጣች። አማካሪ መሐንዲሱ ብረቱን ሊያይ መጥቶ በሁለት ምሰሶ ራስ ላይ ተጨማሪ ብረት ይግባ ብሏል። ብረቱን ቆርጣ ጨርሳለች፤ የሚታሰረው ግን ነገ ሌሊት ነው። እግሯን ሳትታጠብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ድካም በተጫነው ግን በኩራት በሞቀ ድምፅ፣ «ነገ እኔ ካልደረስኩ አይጀመርም» አለችው። እንዲያ እንዳለች ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ፍቅረ ሥላሴ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቀረ። እኔ ካልደረስኩ አይጀመርም። እሱ ሦስት ቀን ታሞ የቀረ ጊዜ ቢሮው መቅረቱን ያወቀው በአራተኛው ቀን ነው። ሻሿ ላይ የተጣበቀውን የዝገት ብናኝ አየ። ነገ ሌሊት ያ ሰው ይደውላል፣ እሷም «ተነሥቻለሁ» ትለዋለች፤ ያን የምትለውን ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ማደሩ ታየው። እጁን ትራሷ ሥር ሰደደ። ስልኩን አወጣ፣ አጠፋው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሥራው ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ከዚያ ተኛ። የሚያስገርመው እንቅልፍ ወሰደው።

አምሳለች የነቃችው በመስኮቱ ስንጥቅ ብርሃን ሲገባ ነው። ከአልጋው ላይ ተፈናጥራ ቆመች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት አልፏል መሰለኝ» አለ ከብርድ ልብሱ ሥር።

ስልኩን አወጣች። ጨለማ ነው። ጫን ስትለው በራ። ፍቅረ ሥላሴ በአንድ ዐይኑ እያያት «ባትሪው ዘግቶ ይሆናል» አላት።

አምሳለች የበራውን ስልክ ለረጅም ጊዜ አየችው። ነጠላዋን በእጇ እንደያዘች እየሮጠች ወጣች።

ፍቅረ ሥላሴ ለምሳ ሲወጣ እግሩ ወደ ግንባታው ወሰደው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ሥራው ግን ገና ግማሽ ላይ ነው። ያልታሰረው ብረት ታስሮ እስኪያልቅ አርማታው የተጀመረው ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ሴቶች ባልዲ ተሸክመው ይሯሯጣሉ፣ ከላይ ያሉት ሸራና በውሃ የራሰ ጆንያ ያለብሳሉ፣ ነፋሱ ይገልጠዋል። ይታያል ቆቡን አውልቆ እየጮኸ ነበር። አምሳለች ከላይ ጎንበስ ብላ ስትሠራ አየ፤ ፊቷ አይታይም። ምሳውን ሳይበላ ወደ ቢሮ ተመለሰ።

በማግስቱ ዘግይቶ የተሞላው ወገን ተሰነጠቀ። በመንገድ ሲያልፍ ሁለት ጎረምሶች በከባድ መዶሻ ሲያፈርሱት ደረሰ፤ የተጣለው ቁራጭ ላይ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መስመር ነበር። የሁለት ክፍል ስፋት ነው የፈረሰው። አምሳለች ማታ ገብታ «ተሰነጠቀ» አለች፤ እግሯን መታጠብ ጀመረች። ፍቅረ ሥላሴ ሐዘን ሊሰማው ፈልጎ ነበር። ተሰምቶትማል። ከሐዘኑ ሥር ግን አንድ ትንሽ ነገር ደስ ብሎት ተቀምጦ ነበር፤ ራሱንም አሳፈረው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ራት ቀርቦ ሳይበላ፣ «ሞጣ ሥራ አለ» አለችው። ተቋራጩ እዚያ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጀምሯል፤ የብረት ሠራተኞቹን ወደዚያ ያዛውራል።

«ይታያልም ይሄዳል?»

«ይሄዳል። ያለ ፎርማን የሚሠራ ሕንፃ የለም።»

«ከሄድሽ እንግዲህ…»

«ጨርሰው።»

አልጨረሰውም። አምሳለች ተነሥታ ልብሷን በፌስታል ታጣጥፍ ጀመር። በማግስቱ ማለዳ፣ ሠራተኛ ሊወስድ በመጣው አይሱዙ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄደች።

ያን ጊዜ ነው ቅናት ምን እንደሆነ ያወቀ። ቀድሞስ ቢያንስ ድምፅዋን ይሰማ ነበር። አሁን ስልክ የሚንቀጠቀጥ ሳይኖር፣ ማንም ሳይቀሰቅሰው፣ በየሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይነቃል። ሞጣ ላይ ስልኩ ሲደወል ይታየዋል። «ተነሥቻለሁ» ስትል ይሰማዋል፤ አሁን ደግሞ በሹክሹክታ አይደለም፣ የምትደብቀው ሰው አጠገቧ የለምና። አንድ ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለላት። አላነሣችም። እንደገና ደወለ። አላነሣችም። እኩለ ቀን ላይ እሷ ደውላ «ብረት ላይ ነበርኩ፤ ደህና ነህ?» ስትለው «ደህና ነኝ» አለና ስለ ጎረቤቱ ላም አወራላት።

ደምለው ሳይቀር አዘነለት። «ሂድና እያት» አለው። ፍቅረ ሥላሴ ግን ሊያያት አልነበረም የፈለገው፤ ሊይዛት ነበር። ለአለቃው ደብረ ወርቅ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ዋሸና የዓርብን ቀን ፈቃድ አገኘ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በዚያው ሳምንት ተከፍቶ ስለነበር ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሞጣ ገባ፤ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዞ፣ ልብሱን ሳያወልቅ ጋደም አለ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ነቃ። ግንባታው የት እንደሆነ ማታውኑ ጠይቆ ነበር። ከአጥሩ ፊት ለፊት ባለው መታጠፊያ ቆመ። ብርድ ነው። ብቻውን የሚሆን መስሎት ነበር፤ ግን ሰው ከየአቅጣጫው እየመጣ ይቆም ጀመር። ወገባቸውን በመቀነት ያሰሩ ሴቶች፣ ቦት ጫማ ያጠለቁ ወንዶች። ማንም አያወራም። አንዳንዱ ቆሞ ያንቀላፋል። በኋላ የአጥሩ በር ተከፈተና ቀን ሠራተኛ የሚመርጠው ካቦ የእጅ ባትሪ ይዞ ወጣ።

«ዛሬ ሶሌታ ነው። ሁላችሁም ግቡ» አለ። ባትሪውን ፍቅረ ሥላሴ ላይ አበራ። «አንተ ባለ ኮቱ፣ ሠርግ ነው የጠሩህ? ና ግባ፣ ሰው ጎድሎናል።»

ፍቅረ ሥላሴ እኔ ሠራተኛ አይደለሁም ሊል አፉን ከፈተ። ታዲያ ምንድን ነህ ቢለው ምን ሊመልስ ነው? ገባ።

ኮቱን አስወልቀው ከምድር ወደ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መሰላል ላይ አቆሙት። ሰው ሁሉ በመሰላሉ ላይ በመስመር ቆሟል። ማቦኪያው ማሽን ከታች ተነሣ፤ አርማታው በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ከሱ በታች የቆመችው አምሳ ዓመት የሆናት ይርጋነሽ የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ባልዲ ስታቀብለው ክንዱ ሊነቀል ደረሰ።

«አትጨብጠው፤ ተቀብለህ በዚያው ጉልበቱ አሳልፈው» አለችው። «ከዚህ በፊት ሠርተህ አታውቅም?»

«አላውቅም፣ እናቴ። ቢሮ ነው የምሠራ።»

«ተባረህ ነው?»

«አይደለም።»

ሴትዮዋ ነገሩን አልመረመረችም። አሥር ባልዲ ያህል ካለፈ በኋላ ፍቅረ ሥላሴ ያ አሮጌ ጥያቄ ካፉ አመለጠው።

«በጨለማ መጀመሩ ግን ለምንድን ነው?»

«አንተ ምን ትላለህ?» አለች እያቀበለችው። «ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማንቀምስ ሰዎች ጠዋት ያለንን ጉልበት ካልሠራንበት መቼ ልንሠራ ነው? የቧንቧው ውሃ ደግሞ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ፀሐይ ከወጣ ጠብ አይልም። እኔ ደሞ ከዚህ ስወጣ ጉሊት ሽንኩርት አለኝ። እግዜር በሰጠው ብርሃን ሁለት ሥራ የምሠራው ቀድሜ ስለተነሣሁ ነው።»

«ፎርማኑ ሌሊት እየደወለ ይቀሰቅሳል አሉ።»

«አዎ፣ ሁላችንንም። የግንበኛውን ኃላፊ፣ የአናጢውን፣ የብረቷን፣ እኔን ሳይቀር፤ ሴቶቹን የምሰበስበው እኔ ነኝና። ደጀን ያለችው ሚስቱ ‹የሰው ሚስት ሁሉ ስትቀሰቅስ እኔን አንድ ቀን እንዴት አደርሽ ብለህ ደውለህ ታውቃለህ?› ብላ ከቤት ልታባርረው ነበር አሉ።» ሳቀች። «ምነው? ባልዲውን ያዝ እንጂ።»

ፍቅረ ሥላሴ ባልዲውን ያዘ። አንድ የከበደ ነገር ከደረቱ ሲወርድ ተሰማው። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ሌሊት ሳልተኛ ያደርኩት ብሎ ሊስቅም ነበር።

ወዲያው ከላይ ድምፅ መጣ።

«ቁም። አታፍስ።»

የሴት ድምፅ ነው። አልጮኸም፤ ግን ማሽኑ ጠፋ፣ መስመሩ ቆመ፣ አርባ ሰው እጁ ላይ የያዘውን እንደያዘ ዝም አለ። ሰማዩ መቅላት ጀምሮ ነበር። ፍቅረ ሥላሴ አንገቱን አቅንቶ አየ። አምሳለች ከላይ፣ በተዘረጋው ብረት ላይ፣ ጣት በምታህል ዘንግ ላይ እግሯን እያሳረፈች ትሄዳለች። ግራጫ ቱታ ለብሳለች። አንድ ቦታ ላይ ቁጢጥ አለች። የተረገጠና የጎበጠ ብረት በቆልማማ መሣሪያዋ ቀና አደረገች፣ ከሥሩ ትንሽ የሲሚንቶ ድጋፍ አስገባች፣ ሽቦ አዞረች፣ በጉጠት ቆረጠች። ይታያል አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። እሱም እንደ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። ከዚያ ተነሣችና በእጇ ምልክት ሰጠች።

«አፍስሱ።»

ይታያል አንድ ነገር አላት። አምሳለች ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ፣ አፏን ሳትሸፍን።

ያ ከደረቱ የወረደው ነገር ተመልሶ፣ ከበፊቱ ከብዶ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ያስቀናው ሰውየው እንዳልሆነ ገብቶታል። ሰውየው የሥራ ኃላፊዎቹን ሁሉ የሚቀሰቅስ፣ ከሚስቱ ጋር የሚጨቃጨቅ አንድ ድካም ያጎሳቆለው ሰው ነው። ግን ያ ድምፅ! ስምንት ዓመት አብሯት ሲኖር ያን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ያን ሳቅ የሰማው ከጋብቻቸው በፊት ነበር፣ ወይም ሰምቻለሁ ብሎ የሚያስበው ነው። ይህ ሁሉ ሰው፣ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር፣ በየማለዳው የሚያያትን ሴት እሱ አያውቃትም። እሱ የሚያውቃት ደክሟት የምትገባውን፣ በሩን በጉልበቷ ደግፋ የምትወጣውን ነው።

ባልዲው ከእጁ ወጣ። አርማታው ጫማው ላይና በመሰላሉ ላይ ፈሰሰ። ከላይም ከታችም ሰው ተንጫጫ። አምሳለች ምን እንደሆነ ልታይ ጎንበስ አለች፤ አየችው።

ፍቅረ ሥላሴ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ሸሚዙ በሲሚንቶ ተለውሷል፣ እጁ ባዶ ነው። ዐይን ለዐይን ተያዩ። አምሳለች ቅንድቧ ወደ ላይ ተነሣ፤ ከዚያ ወረደ። አልወረደችም፣ ስሙንም አልጠራች።

«መስመሩ አይቁም» አለች።

ይርጋነሽ አዲስ ባልዲ ሰጠችው። ተቀበለ።

እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ሠራ። ፀሐይዋ ማቃጠል ስትጀምር ከላይ «በቃ» ተባለ፤ የሞላው ሶሌታ ላይ እርጥብ ጆንያ ይለብስ ጀመር። ፍቅረ ሥላሴ የጡብ ክምር ጥላ ሥር ተቀመጠ። መዳፉ ቀልቶ፣ በጣቶቹ መሀል ቆዳው ተልጦ ነበር። አምሳለች በጆግ ውሃ ይዛ መጣች። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ በእጁ ላይ ታፈስለት ጀመር።

«ሲሚንቶ ሥጋ ይበላል፤ ቶሎ መታጠብ ነበረብህ» አለች። «ማታ ዘይት ቀባው።»

«እሽ።»

«ልትይዘኝ ነው የመጣህ?»

ሊዋሽ አሰበ። ለቅሶ አለ ሊላት። «አዎ» አለ።

«ያዝኸኝ?»

«የለም።» ውሃው ሥር መዳፉን ገልብጦ «ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ። ባትሪው ሙሉ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

አምሳለች ውሃውን ማፍሰስ አቆመች። «ለይታያል እንቅልፍ ጥሎኝ ነው አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ፈረምኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ስድስቱ ልጆች እታለም እንቅልፍ ጣላት እያሉ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ። ባሌ አጠፋብኝ ብል ሰው በአንተ ይስቃል፤ እኔም አብሬ በአንተ እንዳላፍር ፈራሁ። አንዴ ካፈርኩብህ ቤት የምመለስ አልመሰለኝም።»

ከኋላቸው ሴቶቹ ባልዲዎቹን እያጠቡ ይሳሳቃሉ። የሆነ ሰው «እታለም» ብሎ ጠራት፤ «መጣሁ» አለች፣ አልተነሣችም።

«ቅናትህስ? ለቀቀህ?» አለችው።

«የሱ ለቆኛል።»

«የሱ ማለት?»

እጁን አየ። «አሁን በሁሉም ነው የምቀናው። ባልዲ በምታቀብለኝ ሴትዮ ሳይቀር። በየቀኑ ያዩሻል። እኔ የማላውቃት ሰው ነበረች እዚያ ላይ የቆመችው።»

አምሳለች ጆጉን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠች። «ያን ማታ ስለ አርማታው ስትጠይቀኝ ልነግርህ ጀምሬ ነበር» አለች። «አንተ ግን የይታያልን ስም አመጣህ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ሄደህ ብላ። ቢሮ የዋለ ሰው እንደኛ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አይችልም። እኔ ሶሌታውን ውሃ አጠጣለሁ፤ እስከ ማታ ይጠጣል።»

በቀኑ የመጨረሻ ሚኒባስ ብቻውን ወደ ቢቸና ተመለሰ። አምሳለች ልትሸኘው አልመጣችም፤ እሱም ነይ አላላትም። ለፋሲካ ሁለት ቀን መጣችና ተመለሰች። በእነዚያ ሁለት ቀናት እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ታስረዳለች፤ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ሽቦ ውፍረት፣ ስለ ስድስቱ ልጆች ጠባይ። አንዳንዴ የይታያል ስም ይመጣል። ሲመጣ የፍቅረ ሥላሴ ፊት ይለወጣል፤ እሷም እስኪያልፍለት ትጠብቅና ወሬዋን ትቀጥላለች።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የሞጣው ሥራ ቆመና ፌስታሏን ይዛ ቤቷ ገባች። ክረምቱን አብረው ከረሙ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ዝናቡን በሩ ላይ ቆመው እያዩ፣ «ከመስቀል በኋላ የመጨረሻው ፎቅ ይጀመራል። ጠርተውኛል» አለችው።

ያ አሮጌ ቅናት ተመልሶ መጣ፤ ፍቅረ ሥላሴ ግን የሚደበቅበት ቦታ አልሰጠውም።

«እቀናለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ሂጂ» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ካቦው ያውቀኛል።»

አምሳለች ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን።